92 ያመጣው ስልኩ ነው፤ 41 ያመጣው ልጅዎ

ጥያቄው፦ «ልጄ 9ኛ ክፍል ነው። አሳይንመንትም ፕሮጀክትም ሲሰጠው ጥያቄውን በስልኩ ፎቶ ያነሳና ለኤአይ (ለሰው ሠራሽ አስተውሎት) ይልካል፤ የመጣለትን ይገለብጣል። በሒሳብ ፕሮጀክት ከመቶ 92 አገኘ፤ ሚድ ፈተና ላይ ግን 41 አመጣ። ስልኩን ልቀማው ስል አባቱ ‹ዘመኑ ነው፣ ልጁን ወደ ኋላ አታስቀሪው› ይለኛል። መምህሩን ባናግረው ‹ሁሉም እንደዚያው ነው› አለኝ። እኔ ሱቅ ነው የምሠራው፤ የተማርኩት እስከ 10ኛ ስለሆነ ቁጭ ብዬ ላስጠናው አልችልም። ኮዲንግ (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ) አስመዝግቢው የሚሉኝም አሉ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥዎ ብቻውን ግማሹን መልስ ሰጥቶኛል። ብዙ ወላጅ 92ቱን ያይና ደስ ይለዋል፤ 41ዱን ሲያይ ደግሞ «ፈተናው ከብዶ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እርስዎ ግን ሁለቱ የአንድ ልጅ ውጤት ሊሆኑ እንደማይችሉ ጠርጥረዋል። ልክ ነዎት። ፕሮጀክቱን የሠራው ስልኩ ነው፤ ፈተናውን የተፈተነው ልጅዎ ነው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ስልኩን አይቀሙት፤ 92ቱንም አይቀበሉት፤ ኮዲንጉ ይቆይ። ረጅሙ ከዚህ ይቀጥላል። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሒሳብ 11 ዓመት አስተምሬ አሁን በመምህራን ሥልጠናና በፈተና ዝግጅት የምሠራ ሰው ነኝ፤ የሒሳብ ምሳሌ ካበዛሁ ይታገሡኝ።

በመጀመሪያ ልጁን ሰነፍ ነው ብለው እንዳይፈርዱበት። ስልኩ የሚያወጣለት መልስ ተራ በተራ የተቀመጠ፣ ንጹሕ ነው። ልጁ እያነበበ «አዎ፣ ገባኝ» ይላል፤ ሲልም እየዋሸ አይደለም፣ በዚያች ሰዓት የገባው ይመስለዋል። ግን ሌላው የሄደበትን መንገድ ማየትና መንገዱን ራስ ማውጣት ለየቅል ናቸው። እናቱ እንጀራ ስትጋግር ዓመቱን ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ላየ ልጅ አንድ ቀን ምጣዱን ቢለቁለት፣ የመጀመሪያዋ እንጀራ ምን መስላ እንደምትወጣ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስልዎ። የአሜሪካው ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቱርክ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ 1,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን በሦስት ከፍለው ሒሳብ አለማመዷቸው። አንደኛው ቡድን እንደ ድሮው በመጽሐፍና በደብተር ሠራ። ሁለተኛው ልጅዎ እንደሚጠቀምበት ያለ፣ የጠየቁትን ሁሉ የሚመልስ ኤአይ ተሰጠው። ሦስተኛው መልሱን እንዳይናገር የታዘዘ፣ ፍንጭ ብቻ የሚሰጥ ኤአይ አገኘ። ልምምዱ ላይ ሁለተኛው ቡድን ከመጀመሪያው በ48 በመቶ በልጦ ተገኘ፤ ሦስተኛውማ በ127 በመቶ። ከዚያ መሣሪያው ተወሰደና ሁሉም በባዶ እጃቸው ተፈተኑ። መልስ ሲቀበል የነበረው ቡድን ጭራሹን ኤአይ ካላዩት በ17 በመቶ ዝቅ አለ። ፍንጭ ብቻ ሲቀበሉ የነበሩት አልተጎዱም፤ ነገር ግን ከደብተሮቹ ልጆች እምብዛም አልበለጡም። ይህን የመጨረሻውን ሰዎች ሲያወሩት ይዘሉታል። እኔ ግን ዋናው እሱ ይመስለኛል፤ በልምምድ ላይ የታየው ያ ሁሉ ብልጫ ፈተና ክፍል ሲገባ የት እንደደረሰ አልታወቀም። የልጅዎ 92 እና 41 የዚሁ ታሪክ ታናሽ ወንድም ነው።

እኛ አገር ይህን በአገር ደረጃ አይተነዋል፤ ያኔ ኤአይ የሚባል ነገር ተማሪ እጅ ሳይገባ። እስከዚያ ድረስ ፈተና በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ ነበር፤ መልስ በቴሌግራም ይሰራጫል፤ ኩረጃው ከአጤሬራ አልፎ በቡድን ሆኗል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግን በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ገብተው ስልክ ሳይዙ ተፈተኑ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ ሆነ፤ ከዚያ 5.4። ብዙ ሰው በፈተናው ተናደደ። ጦርነቱም ኮቪድም በልጆቹ ላይ ያደረሱት ጉዳት አለ፤ አልክድም። ግን እነዚያ ልጆች 8ኛንም 10ኛንም ክፍል እያለፉ፣ ሪፖርት ካርዳቸው ላይ 70 እና 80 እየተጻፈላቸው የመጡ ናቸው። ካርዱና ልጁ ከተለያዩ ቆይተው ነበር፤ የተገናኙት ያን ቀን ነው።

የእርስዎ ልጅ እዚያ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ስልኩ አብሮት አይገባም።

አባቱ «ዘመኑ ነው» ማለቱን በቀላሉ አልጥለውም፤ ከፊሉ እውነት ነው። ግን «ዘመኑ ነው» ተብሎ ክፍል ውስጥ የገባ ነገር አንድ ጊዜ አጋጥሞኛል፤ ልንገርዎት። በ1997 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ፕላዝማ የሚባል ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት አገሩን በሙሉ በአንድ ሰዓት ይተላለፋል። እኔ አዲስ መምህር ነበርኩ። የእኔ ድርሻ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማስተዋወቅ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ መጠቅለል ነበር። መሀሉን ፕላዝማው ይወስደዋል። በፕላዝማው የምትታየው መምህር ጥያቄ ትጠይቅና ለጥቂት ሰኮንዶች ትጠብቃለች፤ ከዚያ «በጣም ጥሩ!» ትላለች። ማንም አልመለሰም። ግማሹ ክፍል ጥያቄውንም አልሰማውም፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ የመጣ ልጅ ነው። እሷ ግን «በጣም ጥሩ» ብላ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት ጠፋ ማለት ነው፤ ሳተላይቱ አይጠብቅም።

አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ለፕላዝማው ነበር ያወጣው። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ በኋላ ግን አፈርኩ። ልጁ ያልገባው ነገር ነበረው፤ እኔ ደግሞ እዚያው ቆሜ ዝም ብያለሁ፤ ሰዓቱ የእኔ አልነበረማ።

ፕላዝማው መጥፎ ነበር ማለቴ እንዳልሆነ ይረዱልኝ። ላቦራቶሪ አይቶ ለማያውቅ የገጠር ተማሪ የኬሚስትሪ ሙከራውን ማየቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ሥዕሎቹ ዛሬም ዓይኔ ላይ አሉ። የጎደለው መልሶ የሚጠይቅ ነው። ኤአይ ከፕላዝማ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው፤ እጁን ያወጣውን ልጅ ይሰማዋል፣ በእኩለ ሌሊት እንኳ ይመልስለታል። የሚብሰውም እዚሁ ላይ ነው። ልጁ ካልጠየቀው አይጠይቀውም፤ ልጁ ደግሞ የሚጠይቀው «መልሱን ስጠኝ» ብሎ ነው።

እንግዲህ የጎደለው መልሶ የሚጠይቅ ሰው ከሆነ፣ እኛ አገር ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አያቴ ጎጃም ቅኔ ቤት የከረሙ ሰው ነበሩ። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምርና እየጠና ሲሄድ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ድረስ ይዘልቃል። የኔታ መንገዱን ያሳዩታል። ከዚያ ተማሪው ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፣ የራሱን ቅኔ ያሰናዳል ማለት ነው። ሲመለስ የኔታ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይነግራል። የትናንቱን ዛሬ ቢያመጣ አይቀበሉትም። የጓደኛውን ቢያመጣስ? ያመጣል፣ ልጅ ነዋ። ግን «ይህችን ቃል ለምን እዚህ አገባሃት? ሰሙ የቱ ነው? ወርቁስ?» ሲባል እዚያው ይያዛል። አያቴ በሌላ ተማሪ ቅኔ ተይዘው ምን እንደደረሰባቸው እየሳቁ ነበር የሚነግሩን፤ ዝርዝሩን እዚህ አልጽፈውም። በቁርአን ቤትም ልጁ ሉሑን ይዞ ሸኹ ፊት ቁጭ ብሎ ይቀራል፤ ሌላ ሰው ሊቀራለት አይችልም።

የድሮ ትምህርትን ላሞግስ ብዬ እንዳይመስልዎ። ትርጉሙ ሳይገባው ዳዊት የሚደግም ልጅ ሞልቶ ነበር፤ መሸምደድን ያመጣብን ፈረንጅ አይደለም። አርጩሜውም ነበረ። ከዚያ ሁሉ ግን አንድ ነገር መዞ ማውጣት ይቻላል፦ ሥራውን ያመጣው ሰው ስለ ሥራው በአፉ ይጠየቅ ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ክፍሉ 60 እና 70 ልጅ ሲሆንበት ይህን ትቶ ወረቀት ብቻ ማረም ጀመረ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ያስኬድ ነበር፤ ቤት የተሠራ ወረቀት ቢያንስ ልጁ ደክሞበት ይሆናል ብለን እናምን ነበር። ቻትጂፒቲ የተባለው ኤአይ በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ከወጣ ወዲህ ግን ቤት ተሠርቶ የመጣ ወረቀት ስለ ልጁ የሚነግረን ነገር የለም። «ትምህርት ከዘመኑ ጋር ይሂድ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ታብሌትና ኢንተርኔት ነው። ለእኔ ትልቁ ለውጥ እዚህ ጋ ነው፤ ልጁ ማወቁን በምን እናረጋግጥ የሚለው ላይ።

ሌሎች አገሮችም በዚህ ላይ እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ መጽሐፍ ወደ ክፍል ለመመለስ በጀት መደበች። ኢስቶኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2025 መስከረም ጀምሮ 20,000 ለሚሆኑ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ኤአይ በትምህርት ቤት በኩል ማቅረብ ጀመረች፤ መምህራኑን ግን አስቀድማ እያሠለጠነች። ሁለቱም ጎረቤት ሊባሉ የሚችሉ አገሮች ናቸው። ስለዚህ «ዓለም እንዲህ እያደረገ ነው» የሚልዎት ሰው ካለ፣ የትኛው ዓለም ብለው ይጠይቁት።

አሁን ወደ ቤትዎ ልግባ።

እስከ 10ኛ ብቻ ስለተማርኩ አላስጠናውም ብለዋል። ማስጠናት አይጠበቅብዎትም፤ መጠየቅ ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት። ለመጠየቅ ደግሞ መልሱን ማወቅ ግድ አይልም። እንዲያውም ባያውቁት ይሻላል፤ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ለሚያውቅ ሰው ከማስረዳት ይከብዳል። ልጁ ደብተሩን ዘግቶ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጦ፣ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ አጠገብዎ ይቀመጥና ከሠራው አንዱን ያስረዳዎት። ያልገባዎት ቦታ ላይ «ቆይ፣ ይሄ ከየት መጣ?» ይበሉት። በትክክል የሚያውቅ ልጅ መልሶ በሌላ መንገድ ያስረዳዎታል። የገለበጠ ልጅ ያንኑ ቃል ይደግመዋል ወይም ይናደዳል። ንዴቱን በደንብ ይመልከቱት፤ ቀዳዳው ያለው እዚያ ጋ ነው።

እርስዎ የሚያውቁትን ዓይነት ምሳሌ ልስጥዎት። «አንድ ኪሎ ቡና 400 ብር ነበር። 20 በመቶ ጨመርኩበት። ገዢ ጠፋና 20 በመቶ ቀነስኩለት። አሁን ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁት። ብዙ ልጅ ፈጥኖ «ያው 400 ነዋ» ይላል። እርስዎ ሱቅ ውስጥ የሚውሉ ሰው ስለሆኑ እንዳልሆነ ያውቁታል፤ 480 ይሆናል፣ ከ480 ላይ 20 በመቶ ሲቀነስ 384፤ 16 ብር ከሰርን። ስልኩም 384 ብሎ ያወጣዋል፣ ልጁም ይገለብጠዋል። ጨዋታው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። «16ቱ ብር የት ሄደ?» ይበሉት። «መጀመሪያ ቀንሼ ቀጥዬ ብጨምርስ?» ይበሉት፤ ደግሞ 384 ሲመጣ ይገርመዋል። «50 በመቶ ጨምሬ 50 በመቶ ብቀንስስ?» 600 ይሆንና ወደ 300 ይወርዳል፤ ኪሳራው ከ16 ወደ 100 ዘለለ። ለምን? ይህን «ለምን» በራሱ ቃል ያስረዳዎት ቀን መቶኛ ገብቶታል ማለት ነው። ከመቶ ስንት አገኘህ ብለው መጠየቅ አያስፈልግዎትም።

ስልኩን በተመለከተ አንድ ሥርዓት ብቻ አብጁ፤ ቅደም ተከተሉን የሚመለከት። መጀመሪያ ራሱ ይሞክር፣ ቢሳሳትም ግድ የለም፣ በእጁ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከዚያ ስልኩን ከፍቶ «እኔ እንዲህ ሠራሁ፣ የተሳሳትኩበትን መስመር ጠቁመኝ፣ መልሱን ግን እንዳትነግረኝ» ብሎ ይጠይቀው። ፎቶ አንስቶ «ሥራልኝ» ማለት የለም። ቱርክ ላይ ሦስተኛው ቡድን ያልተጎዳው ይህን በሚመስል መንገድ ነው። ይህን ሥርዓት ይጥሳል ወይ? ይጥሳል። እኔም ልጅ አለኝ። ግን ቅዳሜ ስለሚጠየቅ መጣሱ ብዙም እንደማይጠቅመው በሦስተኛው ሳምንት ይገባዋል።

ጥናቱንም አብረው ያስተካክሉለት። የእኛ ልጆች «አጠናሁ» ሲሉ ብዙ ጊዜ «ደጋግሜ አነበብኩ» ማለታቸው ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት አንዱን ጽሑፍ በአራት የጥናት ክፍለ ጊዜ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችን፣ በአንዱ ብቻ አንብበው በሦስቱ ከቃላቸው ካወጡት ጋር አወዳደሩ። ወዲያውኑ ሲጠየቁ ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ የያዙት 40 በመቶ ሲሆን ከቃላቸው ሲያወጡ የነበሩት 61 በመቶ አስታወሱ። ስለዚህ ደብተሩን ዘግቶ በባዶ ወረቀት ላይ የሚያስታውሰውን ይጻፍ፣ ከዚያ ገልጦ ያስተያይ። አንድ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው፤ ከዚህ የሚረክስ ቴክኖሎጂ አላውቅም።

«ሁሉም እንደዚያው ነው» ያለዎትን መምህር በተመለከተ፣ በጣም አልፈርድበትም። ደመወዙን አውቀዋለሁ፣ የክፍሉንም ብዛት አውቀዋለሁ። 60 ልጅ ይዞ እያንዳንዱን በአፍ ጠይቅ ቢባል «በየት ሰዓት?» ማለቱ አይቀርም። ግን ይቻላል፤ በሥልጠና ላይ ስንመክር የሚሠራ ሆኖ ያየነው እንዲህ ነው፦ የ60ውን ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ጣሳ ውስጥ መጨመር፣ በየቀኑ አምስት ስም አውጥቶ ሁለት ሁለት ደቂቃ መጠየቅ። 10 ደቂቃ ነው። በ12 የትምህርት ቀን ክፍሉ አለቀ። ከ10 ነጥቡ ለወረቀቱ 2፣ ለአፉ 8 መስጠት። ሁሉም ከተጠየቀ በኋላ ስሞቹ እንደገና ወደ ጣሳው ይመለሳሉ፣ አለበለዚያ አንዴ የተጠየቀ ልጅ ዕረፍት ላይ ነኝ ይላል። በተከታታይ ምዘናው ውስጥ ይህን ማድረግ ይችላል። በወላጆች ስብሰባ ላይ ጥያቄውን ቢያነሱት ደግ ነው፤ ክስ አድርገው ሳይሆን «ቤት የሠሩትን በክፍል ይጠየቁልን» ብለው።

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ግን ሌላ መንገድ ጀምረዋል፤ የተማሪውን ጽሑፍ «በኤአይ የተጻፈ ነው» ብሎ ለሚፈርድ ፕሮግራም መስጠት። ይህን ካነሱብዎት ይቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን ሲፈትሹ፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ሰዎች በእጃቸው ከጻፏቸው ድርሰቶች በአማካይ 61 በመቶ ያህሉን «የማሽን ነው» ብለው ፈርደውባቸዋል። ቀላል ቃላትና የተለመደ አረፍተ ነገር መጠቀም እንደ ወንጀል ተቆጠረ። የእኛ ልጅ ደግሞ የሚጽፈው እንግሊዝኛ እንደዚያው ነው፤ በላቡ የጻፈው ልጅ ኮራጅ ሊባል ነው። የሚጠይቅ መምህር ባለበት ክፍል ይህ ፕሮግራም ምን ይሠራል?

ወደ ኮዲንጉ ልመለስ። መማሩ ክፉ ነው አላልኩም። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የጀመረው «5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» ነጻ ነው፤ በኢንተርኔት ይሰጣል፤ ለጨረሰ የምስክር ወረቀት አለው። ስለዚህ በወር ብዙ ሺህ ብር የሚያስከፍልዎ የኮዲንግ ማሠልጠኛ ካለ፣ ምን የተለየ ነገር እንደሚሰጥ አስቀድመው ይጠይቁ። ይቆይ ያልኩት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነና የሒሳብ መሠረት ስለሚፈልግ ነው፤ 41 ይዞ ቢገባ እዚያም የሚያደርገው መገልበጥ ነው። ኤአይ ደግሞ ኮዱንም ፈጥኖ ይጽፍለታል።

ከኮዲንጉ በፊት ንባብ ይቅደም። የዓለም ባንክ ባወጣው ግምት አገራችን ውስጥ ከ10 ልጆች 9ኙ በ10 ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። ልጅዎ ከዘጠኙ ይሁን ከአንዱ፣ ዛሬ ማታ ማወቅ ይችላሉ፤ ከታሪክ መጽሐፉ አንድ ገጽ ድምፁን አውጥቶ ያንብብልዎት፣ ከዚያ ዘግቶ ምን እንደሚል ይንገርዎት። 9ኛ ክፍል ሲገባ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ስለሆነበት፣ በሒሳብ የወደቀ የሚመስለው ልጅ ብዙ ጊዜ የወደቀው ጥያቄውን ማንበብ ላይ ነው። ይህን ለማጣራት ከሚድ ፈተናው አንዱን ጥያቄ ወደ አማርኛ መልሰው ይጠይቁት። በአማርኛ ከሠራው ችግሩ ሒሳብ አይደለም።

ስልኩ የግድ ሥራ ይሠራልን ካሉ ደግሞ አንድ ጨዋታ አለኝ። አንዱን የታሪክ ጥያቄ ለኤአይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጠይቀውና ሁለቱን መልሶች ከመጽሐፉ ጋር ያመሳክር። ለምሳሌ የዓድዋ ድል ዓመት፤ በእኛ 1888፣ በፈረንጅ 1896። ንጉሡን፣ ጦር መሪዎቹን፣ ቀኑን ይጨምርበት። እነዚህ ማሽኖች የተማሩበት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከአማርኛው ጋር አይወዳደርም፤ ፊደላችንንም ብዙ ቦታ እየቆራረጡ ነው የሚያነቡት። ሁለቱን ዘመን አቆጣጠር ማደባለቅ፣ ስም ማጣመም ይወዳሉ። ለእያንዳንዱ ላገኘው ስሕተት 10 ብር ይስጡት፤ አንድ ጊዜ ማሽኑን በገዛ መጽሐፉ የረታ ልጅ ቀጥሎ የሚያመጣለትን ሁሉ እንዳለ አይውጥም። እኔ በዚህ ጨዋታ ከልጄ ጋር ገንዘቤን ጨርሼ ወደ 5 ብር አውርጄዋለሁ።

የሚድ ወረቀቱን እንዳይጥለው። 59 ነጥብ የጎደለው እዚያ ውስጥ ነው። ከተሳሳታቸው ሦስቱን ራሱ ይምረጥ፣ እስከ ቅዳሜ ደጋግሞ ይሥራቸው፣ ቅዳሜ ጀበናው ሲጣድ ያስረዳዎት። ሦስት ብቻ። አራተኛውን ካልጨመርኩ ቢልም እንኳ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያቆዩለት።